የጥምር ቤቱ ለቅሶ

አፀደ ስትበላ መጀመሪያ ዳር ዳሩን ነው የምትጨርሰው። ሩሐማ ይህን ያወቀችው ልጅቷን አንድም ቀን በእጇ ሳትነካ ነው። ማታ ማታ እራት ሲደርስ የሳሎኗ ግድግዳ ይበራል። ከግድግዳው ወዲያ፣ ደብረ ሲና ባለ የሕፃናት ማሳደጊያ፣ የሦስት ዓመቷ አፀደ ትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትበላለች። ከግድግዳው ወዲህ፣ ደብረ ብርሃን ጠባሴ ሰፈር ባለው ቤታቸው፣ ሩሐማና ባሏ ኖላዊ ጠረጴዛቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ይበላሉ። ሁለቱ ጠረጴዛዎች ሲገጥሙ አንድ ገበታ ይመስላሉ። ልጅ ወስዶ ማሳደግ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ዓመት ሙሉ በግድግዳ ያሳድጋል፤ ሕጉ ነው፤ ማላመድ ይሉታል።

ሩሐማ ጉርሻ ጠቅልላ እጇን ወደ ግድግዳው ትዘረጋለች። ልጅቷ አፏን ትከፍታለች። ከወዲያ የቆመችው ሞግዚት በዚያው ቅጽበት ሌላ ጉርሻ ታጎርሳታለች። በመጀመሪያው ሰሞን ሩሐማ በዚህ ነገር ትሳቀቅ ነበር። እየቆየ ሲሄድ ሞግዚቷን ማየት ተወች፤ የምታየው የልጅቷን አፍ ብቻ ሆነ። ብርድ ልብስ ፋብሪካ አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች «ላም አለኝ በሰማይ» እያሉ ይተርቧታል። ሩሐማ አብራቸው ትስቃለች። እውነት ነው ወተቷን አላየችም፤ ላሟ ግን «እማ ሩሐማ» ብላ ትጠራታለች። ይህን የሚመልስ ተረብ እስካሁን አላገኙም።

የአንድ ቤት የኢንተርኔት መስመር ልጅ አይሸከምም። በር ለማስከፈት፣ ውኃ ለማስለቀቅና ሥራ መግባትን ለማሳወቅ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ አይሄድም። ሩሐማ በራሷ መስመር ብቻ ልጅቷን ልታይ በሞከረችበት ጊዜ አፀደ አፏ ሌላ፣ ድምጿ ሌላ ሆና፣ ፊቷም ውኃ እንደነካው ወረቀት እየፈረሰ መጥታ አልቅሳ ተመለሰች። ስለዚህ በዚያ ረድፍ ያሉት ሰባት ቤቶች መስመራቸውን አጣመሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል? አብሮ የመጣውን ውል ያነበበ አልነበረም፤ ጎረቤት ከጎረቤት ሲጣመር ምን ውል አለ!

ሰዓቱን ተካፈሉ። ጠዋት የናርዶስ ልጆች ይማራሉ። ቀን ቀን ያፌት መኝታ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ጋላፊ በረሃ ላይ ከባድ መኪና ይነዳል። የእራት ሰዓት የጋሽ ኪሩቤል ነበረ። ጋሽ ኪሩቤል የሰፈሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ማታ ማታ በወጣትነታቸው ያዩትን የእግር ኳስ ጨዋታ ደግመው ያያሉ። ሩሐማ ልጅ ልትወስድ መሆኑን የሰሙ ቀን ሰዓቱን ለቀቁላት። «የኔ ጨዋታ ውጤቱ ከታወቀ ስንት ዘመኑ! ያንቺ ገና ነው» አሏት። ከዚያ በኋላ ቀን በደጃቸው ባለፈች ቁጥር «ስንት ለስንት ናችሁ?» ብለው ሳይጠይቋት አያሳልፏትም ነበር።

ሲጣመሩ ከሁሉም በላይ የሚጻፍ የአንድ አባወራ ስም ተጠይቀው ነበር። በዚህ ላይ ውይይት አልተደረገም። ጋሽ ኪሩቤል ቁጭ ብለው ማን ይቀድማል? «ኧረ ባካችሁ፣ እኔ ዛሬ ነገ የምል ሰው!» ብለው ለመኑ፤ እሳቸው ሲለምኑ ጎረቤቱ ሲለምን ጎረቤቱ አሸነፈ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰባቱ ቤቶች በመስመሩ ፊት አንድ ቤት ሆኑ፤ ጋሽ ኪሩቤል አባወራ፣ የቀረው ሁሉ ቤተሰብ። ለጥምሩ መልስ የሚሰጠውን ድምፅ ሰፈሩ «ዘበኛው» ይለዋል፤ የሚያስገባም የሚከለክልም እሱ ነውና። ዘበኛው በጣም ጨዋ ነው። አንድም ቀን አንተ፣ አንቺ ብሎ አያውቅም።

ጋሽ ኪሩቤል በሰኔ መግቢያ፣ ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ሳለ አረፉ። ባለቤታቸው እትዬ ሶልያና ሻይ ይዘው ሲወጡ አንገታቸው ዘንበል ብሎ አገኟቸው። ድንኳን ተተከለ፣ ወንበር ተደረደረ፣ ሰው ሁሉ ቤቱን ዘግቶ ለቅሶ ተቀመጠ። ከባለቤታቸው ቀጥሎ እንደ ሩሐማ ያለቀሰ አልነበረም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ማታ እራት ሲደርስ ሩሐማ ከድንኳኑ ቀስ ብላ ወጣች። አፀደ ዓይኗ መቅላቱን እንዳታይባት ፊቷን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠበች፤ ጥቁር ነጠላዋን አውልቃ ቀይ ሹራብ ለበሰች። ኖላዊ ገበታውን ግድግዳው ላይ አስጠጋ። ግድግዳው በራ። ነጭ ነበር። ዝም ያለ ነጭ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ ወይዘሮ ሩሐማ» አለ ዘበኛው። «ቤትዎ ሐዘን ላይ ነው። እስከ አርባው ድረስ ምንም አያስቡ፤ ሁሉንም አቁመንልዎታል።»

«ልጄ እየጠበቀችኝ ነው» አለች ሩሐማ።

«ሕፃን በሐዘን ፊት አይቀርብም። ለእሷም ለእርስዎም ብለን ነው።»

«የሞቱት ጎረቤቴ ናቸው። እዚህ ቤት ማንም አልሞተም!»

«አባወራዎ ናቸው።»

«እሱ እኮ ለመስመሩ ብለን ያደረግነው ነው።»

«ይገባናል» አለ ዘበኛው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰው መቀበል ይከብደዋል። እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

ይህን ሕግ ያወጣው ባዕድ አይደለም። ቀደም ባለው ጊዜ መስመሩ ሐዘን አያውቅም ነበር፤ ሬሳ ሳይወጣ ሰውን ሥራ ይጠራል፣ ድንኳን ውስጥ ያለን ሰው ይህን እሺ በል፣ ያንን ተቀበል ይላል። ሕዝቡ «ባህላችንን የማያውቅ ነገር ከቤታችን ይውጣ» ብሎ ጮኸ። ጩኸቱ ተሰማ። ሐዘንተኛ አይታዘዝም፣ አይጠየቅም፣ አይወስንም፤ ሐዘን ቤት ልጅ አይገባበትም ተብሎ መስመሩ ሥርዓት ተማረ። ሩሐማ ራሷ እናቷ በሞተችበት ዓመት፣ ስልክም በርም ግድግዳም ጸጥ ብሎላት አርባ ቀን ስታለቅስ፣ ይህን ያሰበውን ሰው አንጀቷ እስኪርስ መርቃዋለች። ምርቃቱ ደርሷል ማለት ነው።

«እንግዲያው ከጥምሩ አውጡኝ» አለች በነጋታው። «መስመሬን ለይታችሁ ስጡኝ።»

«ከቤተሰብ ለመለየት የአባወራ ፈቃድ ያስፈልጋል።»

«አባወራው ሞተዋል እኮ!»

«አዎ» አለ ዘበኛው። «እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

ያፌት ድንኳኑ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። መኪናው በረሃ መሃል እንደቆመች ቀርታ፣ ሁለተኛ ቀኗ ላይ መቀሌ ያለ ሌላ ሾፌር ተረክቧታል። የናርዶስ ልጆች ትምህርት አጥተው ድንኳኑን እየዞሩ ይሯሯጣሉ። ሁሉም ተጎድቷል፤ ሁሉም ዝም ብሏል። ሩሐማ ከያፌት አጠገብ ተቀመጠችና በሹክሹክታ «ሄደን አንድ ነገር ብንል ምን አለ? ሰባት ቤት እኮ ነው የታሰረው» አለችው።

«ዝም በይ፣ ሩሐማ» አላት ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። «አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ? እትዬ ሶልያና ቢሰሙ ምን ይላሉ?»

«አንተስ መኪናህ?»

«መኪናዬማ ሄደች። ታዲያ ምን ላድርግ? ተነሥቼ ለሟች ሚስት 'ባልሽ እንጀራዬን ዘጋብኝ' ልበል?»

እሱ ቦታ ብትሆን ሩሐማም ይህንኑ ነበር የምትለው።

ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍራ ደብረ ሲና ወረደች። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር፤ አውቶቡሱ ማንም ሳይነዳው በጉሙ ውስጥ ተረጋግቶ ይወርዳል፤ ተሳፋሪው እንቅልፉን ይለጥጣል። ሩሐማ ብቻ ዓይኗን አልከደነችም። የሕፃናት ማሳደጊያው በር ፊቷን እንዳየ ቆለፈ። «ሐዘንተኛ ነዎት። እግዚአብሔር ያጽናዎት» አላት። በሩን በመዳፏ ደበደበች። ጥቂት ቆይታ ሞግዚቷ ቤዛ በትንሹ በር ወጣች። ሩሐማ ዓመቱን ሙሉ ያላየቻት ሴት ይህች ናት፤ ፊቷ ላይ ማዲያት ያለባት፣ ደግ ዓይን ያላት ሴት። ቤዛ አቅፋ ትከሻዋን ደገፈቻትና አለቀሰችላት።

«አንቺም?» አለች ሩሐማ። «አንቺም ለቅሶ ልትደርሺኝ ነው የወጣሽው?»

«ምን ላድርግ፣ እህቴ። ማጽናናት ብቻ ነው የተፈቀደልኝ።»

ምሳ ሰዓት ነበረ። በአጥሩ ክፍተት የመመገቢያው ቤት መስኮት ይታያል። አፀደ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ ግድግዳው በርቷል፤ ቢጫ ሻሽ ያሰረች ሴት ከግድግዳው ውስጥ ጉርሻ ትዘረጋለች። አፀደ አፏን ከፈተች። ሌላ ሞግዚት ከጎን አጎረሰቻት። አፀደ እያኘከች እግሮቿን ታወዛውዝ ጀመር። ሲጣፍጣት ነው እንዲህ የምታደርገው።

«ማናት?» አለች ሩሐማ።

«ከወረፋው ቀጣይዋ።» ቤዛ ዓይኗን ሰበረች። «ሕፃን ባዶ ግድግዳ ፊት ቁጭ ብሎ አይበላም እኮ፣ ሩሐማዬ። ግድግዳሽ የጠፋ ጊዜ ሁለት ቀን ሙሉ አፏን አልከፈተችልንም። ግድግዳውን በማንኪያ ትመታው ነበር። ምን እናድርግ? በረሃብ እንያት?»

ሩሐማ ልትቆጣ ፈለገች፤ የምትቆጣው ሰው ግን አልነበረም። ልጅቷ መብላት አለባት። ቢጫ ሻሽ ያሰረችውም ሴት ዓመታት ወረፋ የጠበቀች ምስኪን ናት። አጥሩን ይዛ ቆመች፤ ልጅቷ ወደ መስኮቱ አልዞረችም፤ ብትዞርም በአጥር ቀዳዳ የምትታይ ሴት ማን እንደሆነች አታውቅም ነበር። እንደ ሌባ ተደብቃ የገዛ ልጇን ማየቷ አንገበገባት።

ከመለያየታቸው በፊት ቤዛ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «እስከ ዓርብ ጊዜ አለሽ። ዓርብ ካለፈ ግን በሕግ ለሴትየዋ ትጸናላታለች። ለዘበኛችሁ ቃል ስጪ። 'ሟቹ ምኔም አይደሉም' ማለት ብቻ ነው፤ ሐዘኑን ከቤታችሁ ያነሣዋል። አንቺም ባልሽም፣ በየራሳችሁ ድምፅ። ግን ከልብሽ ይሁን፤ ይለካል።»

ኖላዊ ያንኑ ማታ ሳሎኑ መሃል ቆሞ ተናገረ። «ሟቹ አቶ ኪሩቤል ምኔም አይደሉም» አለ፤ ዜና የሚያነብ ይመስል ነበር። ዘበኛው «ቃልዎን ተቀብለናል፤ ስላስቸገርንዎት ይቅርታ» አለው። ኖላዊ ሚስቱን ሳያይ ወደ ጓሮ ወጥቶ የተሰነጠቀ እንጨት እንደገና ይሰነጥቅ ጀመር። ግድግዳው ስስ ነው፤ እትዬ ሶልያና ጎረቤት ናቸው። በነጋታው እትዬ ሶልያና እንደ ወትሮው ለኖላዊ ወንበር ሳቡለት፤ «ብርዱን እንዴት አደርከው?» አሉት። ቢወቅሱት ይሻለው ነበር።

ሩሐማ ቃሏን ፋብሪካው ውስጥ ተለማመደችው። ማሽኖቹ ሲያጓሩ ሰው ስለማይሰማት ደጋግማ ትለዋለች፤ ምኔም አይደሉም፣ ምኔም አይደሉም። ቤቷ ገብታ ቀጥ ብላ ቆመች። እንዳሰበችውም አለችው፤ አንድ ፊደል አልሳተችም።

«ወይዘሮ ሩሐማ፣ ድምፅዎ ውስጥ ሐዘን አለ» አለ ዘበኛው። «ራስዎን አያስጨንቁ። እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

ረቡዕም ሞከረች። ሐሙስም። ጋሽ ኪሩቤልን ከልቧ ማውጣት ያን ያህል አልከበዳትም፤ ይህን ለራሷ እንኳ ማመን አፈረች። ደጃቸውን፣ ሳቃቸውን፣ «ስንት ለስንት ናችሁ?» ማለታቸውን አንድ በአንድ አወጣች። ዓርብ ጠዋት ግድግዳው ፊት ስትቆም ልቧ ውስጥ የቀረው እግሯን እያወዛወዘች የምታኝክ አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች።

«ሟቹ ምኔም አይደሉም» አለች።

«ሐዘንዎ ከትናንት በርትቷል» አለ ዘበኛው።

«ለሳቸው አይደለም!»

«ለማን ነው?»

«ለልጄ ነው! ለልጄ!»

ዘበኛው አጣራ። «አይተናል፤ ልጅቷ በሕይወት አለች። ጤናዋ ደህና ነው። ቁርሷን በልታለች» አለ። ከዚያ እንደገና፣ በዚያው ለስላሳ ድምፅ፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

ኖላዊ ሩሐማን ከወለሉ ላይ አነሣት። ግድግዳውን በምን እንደመታችው አታስታውስም፤ እጇ ደምቷል። ዓርብ መሸ። አፀደ ለቢጫ ሻሿ ሴት ጸናች። ለእነ ሩሐማ ግን ማንም አልነገራቸውም። ሐዘንተኛ ቤት መርዶ በጥበብ ነው የሚነገረው።

አርባው ወጣ። ተዝካሩ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ሰዉ ተበተነ። በማግሥቱ የናርዶስ ልጆች ፊታቸውን ታጥበው ግድግዳቸው ፊት ተደረደሩ፤ ያፌትም ለጊዜው የሚሰጡትን መኪና ሊረከብ መኝታ ቤቱ ገባ። ግድግዳው ሁሉ ነጭ ነበር።

«ከቤቱ አንድ ሰው ገና አልተጽናናም» አለ ዘበኛው ለሰባቱም ቤቶች። «ቤት የሚጽናናው አብሮ ነው። ፋታውን አራዝመናል።»

አንዱ ሰው ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገም። ሩሐማ ቀን ፋብሪካ ውላ ትመጣለች፤ ማታ እራት ሲደርስ ጠረጴዛው ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈ ትቀመጥና ታለቅሳለች። ድምፅዋን ታፍናለች፤ ግን ይለካል። አንድ ሳምንት ሰፈሩ ታገሠ። በሁለተኛው እሑድ ከቀትር በኋላ ጎረቤቶቿ ተሰብስበው መጡ። ናርዶስ በሰሐን ንፍሮ ይዛለች። ቤቱ ሞላ። ሰው የሞተ ይመስል በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረው ተቀመጡ።

«በቃሽ፣ ሩሐማ» አለች ናርዶስ። «ልጅቷ እኮ አልሞተችም። ሰው አገኘች፤ ደግ ነገር ነው።»

«ገና ሌላ ልጅ ይመጣልሻል» አለ አንዱ።

«ልጆቼ ከክፍል ወደ ኋላ ቀሩ» አለች ናርዶስ ቀጠል አድርጋ፤ ወዲያው አፈረችና «ላንቺ ብዬ ነው፣ ሰውነትሽ አለቀ» አለች።

ያፌት ሊያስቃት ሞከረ። መኪናውን ሲነዳ ጋላፊ ላይ አንድ ግመል መንገድ ዘግቶበት ምን እንዳደረገ፣ የግመሉንም የራሱንም ድምፅ እያስመሰለ አወራ። ሁሉም ሳቀ። ሩሐማም፣ ሲያሳዝናት፣ ሳቀችለት። ወዲያው ሰው ሁሉ ወደ ግድግዳው ዞረ። ግድግዳው ነጭ ነው።

«ሳቁን ሰምተናል» አለ ዘበኛው። «አይዞዎት፤ ጊዜ ይስጡት።»

በዚህ መካከል እትዬ ሶልያና ከዘራቸውን ተደግፈው ገቡ። ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሣ። ከሩሐማ አጠገብ ቁጭ አሉ። እጃቸው ጉልበቷ ላይ ነበረ።

«የኔ ልጅ» አሏት። «ስታለቅሺ በግድግዳው እሰማሻለሁ። ከድንኳኑ በኋላ እኔን ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ?»

ሩሐማ አሰበች። አልሰማችም።

«ውጬዋለሁ። የናርዶስ ልጆች ይማሩ ብዬ፣ ይሄ ምስኪን መኪናውን ይንዳ ብዬ። ጥርሴን ሳልነቅል ያገባሁትን፣ ጥርሴ እስኪወልቅ አብሬው የኖርኩትን ሰው በአርባ ቀን ውጬዋለሁ። ይወርዳል። መጀመሪያ ያንቃል፤ ከዚያ ይወርዳል።» እጃቸውን ጠበቅ አደረጉ። «አንቺም ያላቀፍሻትን ልጅ ዋጪያት።»

ሩሐማ ቀና ብላ አየቻቸው። የአሮጊቷ ፊት ላይ ምንም አልነበረም፤ ታጥቦ የተደፋ ሰሐን ይመስላል። እንደዚህ ሆኖ መኖር እንደሚቻል አየች፤ ይህን ማየቷ ከሁሉም ይልቅ አስፈራት። ክፍሉን የሞላው ሰው ግድግዳውን ይጠብቃል። ከሰሐኑ ንፍሮ አነሣችና አኘከች። የልጅቷን እግር መወዛወዝ፣ ከዚያ ፊቷን፣ ከዚያ ስሟን፣ እያኘከች አንድ በአንድ ወደ ታች ላከች። አነቃት። ኖላዊ ሊነሣ ሲል እትዬ ሶልያና በእጃቸው ከለከሉት። ከዚያ ወረደ።

ግድግዳው በራ።

ከውጭ የናርዶስ ልጆች፣ ከእነሱም ቀጥሎ ሰፈሩ በሙሉ «መስመሩ መጣ!» እያለ ሲጮኽ ተሰማ። ናርዶስ ሩሐማን ሁለቴ ስማ ወጣች። ያፌት ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣትና ወደ መኝታ ቤቱ ሮጠ። ሰው እየተሽቀዳደመ፣ ይቅርታ እየተባባለ በበሩ አለቀ።

«ጎበዝ» አሏት እትዬ ሶልያና፣ ንፍሮውን ወደ እሷ ገፋ እያደረጉ።